የሩጫ ሰዓታችን የቱን ይለካል? የቱንስ ይገምታል?

አንድ ሩጫ ሲያልቅ በእጅ የሚታሰረው ሰዓት የቁጥር መዓት ይደረድራል። ርቀት፣ ፍጥነት፣ የልብ ምት፣ የተቃጠለ ካሎሪ፣ የእርምጃ ብዛት፣ የማገገሚያ ጊዜ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ተጽፎ ስለሚመጣ እኩል እውነት ይመስላል። አይደለም። ጥቂቶቹ በእርግጥ የተለኩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከተለኩት ተነስቶ የተሠላ ግምት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በግምት ላይ የተገመቱ ናቸው። ደስ ስለሚለው ወይም ለጤናው ብቻ የሚሮጥ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ ደህና የነበረ ሩጫ ቤት ሲገባ ይበላሽበታል። «ዛሬ እንዴት ደስ ብሎኝ ሮጥኩ መሰለህ፤ ሰዓቱ ግን ኮንዲሽንህ ወርዷል አለኝ» የሚል ሰው እየበዛ ነው። በእኔ እምነት እንዲህ ሲሆን መጠርጠር ያለበት መጀመሪያ ሰዓቱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከርቀቱ እንጀምር። ሰዓቱ ርቀትን የሚያገኘው ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብለው ምድርን ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት እየተቀበለ ነው። በየሰከንዱ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ «አሁን እዚህ ነው ያለው» የሚል ነጥብ ይተክላል፤ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኝቶ ይደምራል። ሰማዩ በሚታይበት ሰፊ ሜዳ ላይ ስህተቱ ትንሽ ነው። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ምልክቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል። አስፋልቱን ይዞ የሮጠ ሰው ካርታው ላይ ፎቅ ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ፣ ከአንዱ ነጥብ እስከ ሌላው ያለው መታጠፊያ ይቆረጣል። እግር የሮጠው ከሰዓቱ ይበልጣል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ዘገምተኛ ሆኖ ይመዘገባል።

ያም ሆኖ ርቀት ከቁጥሮቹ ሁሉ የተሻለ የሚታመነው ነው። የልብ ምት ቀጥሎ ይመጣል፤ የሚለካበት መንገድም ብልሃት አለው። ሰዓቱን ገልብጣችሁ ብታዩት አረንጓዴ መብራት ይብለጨለጫል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓ ሥር የሚያልፈው ደም ስለሚጨምር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ያንን ከፍ ዝቅ ይቆጥርና «142» ይላል። ቁጭ ባልንበት ሰዓት ይህ ጥሩ ይሠራል። ስንሮጥ ግን ክንድ ይወዛወዛል፣ ማሰሪያው ይላላል፤ ብርድ በሚያንዘፈዝፍበት የኅዳር ጠዋት ደግሞ ወደ ቆዳ የሚደርሰው ደም ራሱ ያንሳል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚያስቀኝ ግን እርምጃን ልብ ብሎ መቁጠሩ ነው። አብዛኛው ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ጊዜ መሬት ይረግጣል። እያንዳንዱ ርግጫ ክንድን ያነቃንቃል፤ ሰዓቱ ያንን ንቅናቄ የደም ትርታ ይመስለዋል። እንግዲህ ከጎረቤቱ ጋር እያወራ ሶምሶማ የሚለው ሰውዬ ቀና ሲል የልብ ምቱ 172 ነው ይባላል። ልቡ የሚፈጥነው ከዚያ በኋላ ነው፤ በድንጋጤ። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ስለሚያነብ ይህ ጣጣ የለበትም።

የቆዳችን ቀለምስ? መብራቱ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ይሳሳታል ወይ የሚለው ጥያቄ እኛን በቀጥታ ይነካል። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዓይነት ሰዓቶችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስህተቱ ከፍ እንደሚል አዩ። በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ለይተው ሲመረምሩ በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ ልዩነት አላገኙም፤ ይልቁንም ሰው ሲንቀሳቀስ ስህተቱ ከዕረፍት ጊዜው በ30 በመቶ ያህል ይጨምር ነበር። ስለዚህ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጎ ከአንጓ አጥንት በላይ ማሰር ስለ ቀለም ከመጨነቅ ይሻላል።

እስካሁን ያየነው ቢያንስ የሚለካ ነገር ነበር። ከዚህ በኋላ ግምት ነው።

ሰዓቱ የልብ ምትን ከቀላል እስከ ከባድ በክልሎች ይከፋፍላል፤ «ቀይ ክልል ውስጥ ገብተሃል» ለማለት የልባችሁን ከፍተኛ ምት ማወቅ አለበት። በትክክል የሚታወቀው እስከ መጨረሻው አቅም ሮጦ በመፈተሽ ነው፤ ይህን ያደረገ ስንት ሰው አለ? ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜያችሁን ይቀንሳል። 40 ዓመት ከሆናችሁ 180 መሆኑ ነው። ይህ ቀመር በ1971 በፎክስ፣ በሃስኬልና በባልደረባቸው የታተመ ሲሆን፣ የመጣውም ከዚያ በፊት የተሰበሰቡ የተለያዩ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ አስቀምጦ በመካከሉ በግርድፉ መስመር ከማስመር ነው። ለሕዝብ አማካይ ያገለግላል። ለአንድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ አሥር ምት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይስታል፤ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ከዚያም በላይ ይርቃል። በ2001 የወጣው የታናካ ቀመር 208 ላይ የዕድሜን 0.7 እጅ ይቀንሳል። የ60 ዓመት ሰው በአሮጌው ቀመር 160፣ በአዲሱ 166 ይሆናል። ልቡ አልተለወጠም፤ የሰዓቱ ክልሎች ግን ተለወጡ፤ ትናንት «ከባድ» የነበረው ሶምሶማ ዛሬ «መካከለኛ» ሆነ።

ከዚያ በላይ የሚቆለለውን አስቡት። ቪኦቱ ማክስ የሚባለው፣ ሰውነት በደቂቃ የሚጠቀመው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን፣ በላቦራቶሪ የሚለካው አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል አጥልቆ፣ በመሮጫ ማሽን ላይ እስኪደክሙ ሮጦ፣ የሚተነፈሰውን አየር በመመርመር ነው። ሰዓቱ ጭንብል የለውም። «በዚህ ፍጥነት ሲሮጥ ልቡ ይህን ያህል ይመታል፤ ከፍተኛው ምቱ ይህን ያህል ነው ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ…» እያለ ያሰላል። ፍጥነቱ በጫካው ምክንያት ያነሰ፣ የልብ ምቱ ከእርምጃ ጋር የተምታታ፣ ከፍተኛው ምት በዕድሜ ቀመር የተገመተ ከሆነ፣ ከሦስቱ የተፈለፈለው «ኮንዲሽን» ምን ሊሆን ነው? «የማገገሚያ ጊዜ» የሚባለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ላይ ተነስቶ፣ አምራቹ በምስጢር በያዘው ስሌት የሚወጣ ነው።

ካሎሪውን በአጭሩ ልለፈው። በዚያው በ2017ቱ የስታንፎርድ ፍተሻ ከሰባቱ ሰዓቶች ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለክተዋል። በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ስቷል፤ የባሰው በ93 በመቶ። «600 ካሎሪ አቃጥያለሁ» ብሎ ክትፎ የሚያዝ ሰው ክትፎውን ደስ ስላለው ይብላ እንጂ በሰዓቱ አያመካኝ።

ለእኛ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እንጦጦ ላይ ሲወጣ 3,000 ሜትር ያልፋል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ልብ አዘውትሮ መምታት ይኖርበታል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ለገና አገር ቤት ይመጣና በሁለተኛው ቀን ጠዋት ይወጣል። በወንዝ ዳር በ6 ደቂቃ ይሮጠው የነበረው ኪሎ ሜትር አሁን 7 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ልቡም ከወትሮው በላይ ይመታል። ከፍታውን አስልተው የሚያርሙ ሞዴሎች አሉ፤ የማያርመው ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፍጥነት ወረደ፣ የልብ ምት ጨመረ። ፍርዱም «አቅምህ እየቀነሰ ነው» ይሆናል። ሰውነቱ ግን ከፍታውን እየለመደ፣ ማለትም በጣም ጠቃሚ ሥራ እየሠራ ነው። በበጋ ዱባይ ወይም ሪያድ የሚሮጥ ሰውም ተመሳሳይ ፍርድ ይደርስበታል፤ ደም ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ስለሚሄድ በዚያው ፍጥነት ልብ አብዝቶ ይመታል። ሰዓቱ ደግሞ ዐቢይ ጾም መሆኑን፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሳችሁ፣ ሌሊቱን ለቅሶ ቤት እንዳደራችሁ አያውቅም። ከመጨረሻው ላይ እንቅልፍ ማጣታችሁን ይነግራችኋል፤ ያንን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሁሉም ቁጥር ትክክል ቢሆንስ? የነገሩ ሌላ ገጽ ይህ ነው፤ ለእኔ የበለጠ የሚከብደውም ይኼኛው ነው።

በ2016 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ተመራማሪ ጆርዳን ኤትኪን ተከታታይ ሙከራዎችን አሳተመች። ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ደስ ብሏቸው የሚያደርጉትን ነገር፣ ሥዕል መቀባትን፣ ማንበብን፣ በእግር መሄድን፣ ሲቆጠርላቸውና ሳይቆጠርላቸው ምን እንደሚሆን ተመለከተች። የተቆጠረላቸው አብዝተው ሠሩ፤ የእርምጃ መቁጠሪያ የያዙት አብዝተው ተራመዱ። ግን ደስታቸው ቀነሰ። ቆጠራው ሲቆም ደግሞ ነገሩን ለመቀጠል ያላቸው ፍላጎት ካልተቆጠረላቸው ሰዎች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማብራሪያዋ ቀላል ነው፦ ቁጥር ሲገባ ትኩረት ከሚደረገው ነገር ወደ ውጤቱ ይዞራል፤ ውጤት የሚቆጠርለት ነገር ደግሞ ሥራ ሥራ ይሸታል። ሰው ከሥራ ለማረፍ የወጣበትን ነገር ሥራ ካደረጉበት ለምን ይመለሳል?

ቁጥር ስሜትንም ይመራል። በ2014 የታተመ የኮሎራዶ ኮሌጅ ሙከራ ተሳታፊዎችን በመሣሪያ የለካ መስሎ የውሸት የእንቅልፍ ውጤት ነገራቸው። «ጥሩ ተኝተሃል» የተባሉት በአእምሮ ፈተና የተሻለ ሠሩ፤ «መጥፎ» የተባሉት የባሰ፤ በእውነት እንዴት እንዳደሩ ሳይሆን የተነገራቸው ነበር ውጤቱን የወሰነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአልጋው ሳይወርድ «ዝግጁነትህ 34 ከመቶ ነው» የሚል መልእክት ያነበበ ሰው እግሩ ቢከብደው አይፈረድበትም።

ይህን ስል ቆጠራ ለማንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በ2007 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ምርመራ የእርምጃ መቁጠሪያ የታጠቁ ሰዎች በቀን 2,500 ያህል እርምጃ እንደጨመሩ አሳይቷል። ከሶፋ ላይ ላልተነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል በ2016 የወጣው የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ 471 ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ፤ ሁሉም በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ተመከሩ፤ ግማሾቹ መለኪያ መሣሪያ ተጨመረላቸው። መሣሪያ የታጠቁት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ ያልታጠቁት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። ቁጥር ለመጀመር ይገፋፋል፤ ለማቆየት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ስለ እርምጃ ከተነሳ፣ የ10,000 እርምጃው ግብ ከየት እንደመጣ ማወቅ ደስ ይላል። በ1964 አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባገኘበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት ጃፓኖች የስፖርት ፍቅር ይዟቸው ነበር። በ1965 ያማሳ የተባለ የጃፓን ድርጅት ይህንኑ ቁጥር በስሙ የያዘ የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ቁጥሩ ክብና ለማስታወስ የሚመች ነው፤ ከሐኪም ቤት የመጣ ግን አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ከ16,000 በላይ በዕድሜ የገፉ አሜሪካውያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የሞት አደጋው መቀነስ 7,500 እርምጃ አካባቢ ሲደርስ እንደሚቆም አሳይቷል። ማታ 9,600 ላይ ሆኖ ሳሎን ውስጥ የሚዞር ሰው ካለ ይቀመጥ።

እዚህ ላይ «አትሌቶቻችንስ? እነሱም እኮ ሰዓት ያስራሉ» የሚል ይኖራል። ያስራሉ። ለአትሌቱ ሩጫ እንጀራው ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሲገባ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነው የሮጠው፤ ያንን ያለ ሰዓትና ያለ አሯሯጭ ማስላት ከባድ ነው። ግን ከአትሌቶቹ የሚቀዳው ነገር ሌላ ነው። ስቲፈን ሳይለር የተባለው ተመራማሪ የብዙ ስፖርቶችን ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ልምምድ ሲመረምር ከአምስት ልምምድ አራቱ ያህል ቀላል መሆኑን አስተውሏል። ሱሉልታ ወይም እንጦጦ በቀላል ቀናቸው ያገኛችኋቸው እንደሆነ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በጫካው ውስጥ ዝግ ብለው ሲጠማዘዙ ታያላችሁ፤ ጎበዝ አማተር ሊከተላቸው ይችላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት የሚመራው ነው። አማተሩ ግን በየቀኑ ከትናንት ቁጥሩ ጋር ይታገላል፤ ቀላል ቀን የለውም፤ ከባድ ቀኑም ከድካም የተነሳ ከባድ አይሆንለትም። የመጎዳትና የመሰልቸት መንገድ ይኸው ነው።

ሩጫ ያለ ቁጥር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር ላይ መስቀል አደባባይ ይውጣ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ2001 በ10,000 ሰው ሲጀመር ጀምሮ ሁለት ውድድር ነው። ከፊት ያሉት ጥቂቶች ለሰዓትና ለሽልማት ይበራሉ። ከኋላ ያለው ሕዝብ፣ ዛሬ ከ40,000 የሚበልጠው፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ዳገቱ ላይ ይራመዳል፣ ጓደኛውን ይጠብቃል፣ ሙዚቃ ባለበት ይቆማል። በዚያ ሩጫ ላይ የግል ሰዓት ለማሻሻል የሚጋፋ ሰው ሲያጋጥመኝ ከልቤ አዝንለታለሁ።

ታዲያ ሰዓት ሳያዩ ምን ያህል እንደሚደክሙ እንዴት ይታወቃል? ከሁሉ የቀለለው ንግግር ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ከተቻለ ሩጫው ቀላል ነው። ሦስት አራት ቃል ብሎ መተንፈስ ካስፈለገ መካከለኛ፤ አንድ ቃል ብቻ ከወጣ ከባድ ነው። ይህ የሰነፍ ዘዴ አይደለም፤ ስፖርት ሐኪሞች ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ምክንያቱም ጥረቱ ሲከብድ ሰውነት የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምርና እሱን ለማስወጣት ትንፋሽ ይፈጥናል፤ በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረስ አይችልም። ከፍታው፣ ሙቀቱ፣ ጾሙ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ በትንፋሹ ውስጥ ተደምሮ ይመጣል፤ ማረሚያ አያስፈልገውም። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ዘፈን ማንጎራጎር ይችላል።

ሌላው መለኪያ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግ ያዘጋጀው የድካም ሚዛን ነው። ከ6 ይጀምርና 20 ላይ ያበቃል፤ 6 ማለት ምንም አለመልፋት፣ 20 የመጨረሻው ጥረት። ከ6 መጀመሩ ለሰው ግራ ይገባዋል፤ ሐሳቡ ለወጣት ጤነኛ ሰው ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ከልብ ምቱ ጋር እንዲቀራረብ ነው። ሶምሶማ 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። ለጥቂት ሳምንት «አሁን ስንት ነኝ?» እያለ ራሱን የጠየቀ ሰው ሳያስበው ይለምደዋል።

ሰዓቱን ከእጃቸው ማውለቅ የማይገባቸው ሰዎችም አሉ። ሐኪም «ልብህ ከዚህ በላይ እንዳይመታ» ያለው ሰው ሰዓቱን፣ የተሻለ ደግሞ የደረት ቀበቶውን ያስር። የልብን ምት የሚያዘገዩ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ግን የሰዓቱን ክልሎች አይመን፤ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው «አረንጓዴ» እያለው ሊደክም ይችላል፤ ለእሱ የንግግሩ ዘዴ ይሻላል። ለማራቶን የሚዘጋጅም መጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች በጉጉት እንዳያጣድፍ ሰዓት ይጠቅመዋል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ማዞር፣ ራስን መሳት ከመጣ ግን ሰዓቱ ምንም አለ ምን ቆሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ለቀረነው፣ ሰዓቱን መጣል አያስፈልግም። የሩጫውን ገጽ ቀይሮ የቆይታ ጊዜን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፤ 40 ደቂቃ ልሩጥ ብሎ ወጥቶ 20 ላይ መመለስ። በየኪሎ ሜትሩ የሚንቀጠቀጠውን ማስታወቂያ ማጥፋት ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣል፤ ሰው ሰዓቱን የሚያየው ሲጠራው ነውና። የእንቅልፍና የዝግጁነት መልእክቶችንም መዝጋት ይቻላል። ስትራቫ በሚባለው የሩጫ ማጋሪያ መተግበሪያ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሩጫው ለራሱ ብቻ እንዲታይ ያድርገው፤ ያኔ የሚሮጠው ለተመልካች አይሆንም፤ የቤቱም በር ካርታ ላይ አይወጣም። ከዚሁ መተግበሪያ የወጣ የዓለም ካርታ የጦር ሰፈሮችን የመሮጫ መስመር ማጋለጡ በ2018 መጀመሪያ ታውቆ ነበርና ይህ የቀልድ ነገር አይደለም። ቁጥሮቹን ማየት የሚወድ ደግሞ በወር መጨረሻ ቁጭ ብሎ ይያቸው፤ የአንድ ቀን ስህተት በሠላሳ ቀን ውስጥ ስለሚጠፋ ያኔ የሚታየው ነገር ከዕለቱ ፍርድ የተሻለ ይታመናል።